እናቴን ማሳጅ የወሰድኳት ቀን

«ሙሉ ሰውነት ይሁን ወይስ ጀርባ ብቻ?» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

«ለእናቴ ነው» አልኳት።

«እሺ። ሙሉ ሰውነት ይሁን ወይስ ጀርባ ብቻ?»

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ዳንግላ ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች በሙሉ ይመሰክሩብኛል። ይህችን ግን ታገሥኳት፤ የምፈልገው ነገር በእጇ ነበርና። «ሙሉ ይሁን» አልኳት። «እግሯም ይታጠብ፣ ራሷም ይታሽ። ያላችሁን ሁሉ አድርጉላት።»

«የሚያማቸው ቦታ አለ?»

እናቴ አንገቷ አይዞርላትም። ሰው ከጎኗ ሲጠራት ከነወገቧ ነው የምትዞረው። ሐኪም አይቶ ምንም የለብሽም ብሏታል። አባቴ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ያንኑ ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች። ይህን ሁሉ ለማላውቃት ልጅ በስልክ እንዴት ብዬ ልናገር?

«አንገቷን» አልኩ በመጨረሻ። «አንገቷን ነው የሚያማት።»

ልጅቷ ስሟ ትዕግስት መሆኑን፣ ሎጁ ትንሽ ስለሆነ ስልክ የምታነሳውም የምታሸውም እሷው መሆኗን ነገረችኝና ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያዘችልኝ።

ነገሩን ያሰብኩት የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ዕረፍት ስንወጣ ነው። መጀመሪያ ልቤ የነበረው ባሕር ዳር ላይ ነበር፤ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ወስጃት፣ ውሃውን እያየች ስትታሽ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሞትን ረስታ ስትውል ይታየኝ ነበር። ግን መንገዱ አንድ ቀን ተከፈተ ሲባል በማግሥቱ ይዘጋል። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት ስልኳን አውጥታ የዘንገናውን ሎጅ ያሳየችኝ። ዘንገና ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ሐይቅ ነው። አባቴ ተወልዶ ያደገው ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው፤ ልጅ ሆኜ ወስዶኝ ያውቃል። አፋፉ ላይ ሎጅ መሠራቱን ግን አልሰማሁም ነበር፤ ማሳጅማ ጭራሽ።

«ሐዘንተኛ ሴት ማሳጅ ቤት?» ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። ይሳቁ። ከእነሱ ውስጥ ከእናቴ ጋር የሚያድር የለም። እናቴ እናትነሽ እኮ ተረበኛ ነበረች። አባቴ ከሥራ ሲገባ አረማመዱን እያስመሰለች በር ላይ የምትቀበለው፣ ጎረቤቱ ለመሳቅ ሲል ብቻ ጨው ሊበደር የሚመጣባት ሴት ነበረች። ያቺን ሴት መልሼ ማግኘት ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የዕድሩ ሴቶች ከሏን ሊያወጡላት መጥተው ነበር። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሴት ጥቁሯን በገዛ እጇ አታወልቅም። ሰው መጥቶ «በቃሽ» ይላታል፤ ራሷን አጥቦ ቅቤ ይቀባታል፤ ነጭ ያለብሳታል። እናቴ ግን «ገና ነው» ብላ መለሰቻቸው። ሌላ ጊዜም መጡ። «ገና ነው።» ከዚያ በኋላ አልመጡም። ከአባቴ ጋር አብራ ለመሞት የቆረጠች መስሎኝ በጣም ተናደድኩባት። አባቴን እኔም እወደው ነበር፤ ግን ሰው መኖር አለበት። ለቅሶው ዕለት እኔ ድንኳን ሳስተክል፣ ሰው ስቀበል፣ ውሃ ሳስቀዳ ነው የዋልኩት፤ አንድ ሰው ቆሞ መሥራት ነበረበትና። ከሌንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ጥቁሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ወርውሬ፣ ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ ክፍል ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

እናቴን ማሳመን ይከብደኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ማሳጅ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሰው ያሽሻል። ጅማትሽን ያፍታታልሻል።»

«ወጌሻ ነው?»

«እንደዚያ ነገር ነው።»

«እኔ እኮ አልተሰበርኩም።»

«እማ፣ ለዕረፍት ነው። ሰው ደስ እንዲለው የሚሄድበት ቦታ ነው። ሐይቅ ዳር ነው፤ ዘንገና።»

«ዘንገና?» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። «መቼ ነው?»

እንዲህ በቀላሉ እሺ ትላለች ብዬ ስላልጠበቅኩ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። አነጋገሬ ያሳመናት መስሎኝም ኮራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች። ልያዝልሽ ብላት አልሰጠችኝም።

እናቴ መኪና አይስማማትም። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለንም። አባቴ ማውራት የማይሰለቸው አንድ ታሪክ ነበረው፤ ሠርጋቸው ዕለት ሙሽራይቱ ከዳንግላ ተነሥታ ቆሰበር ሳትደርስ መኪና ውስጥ አስመለሳት። «ዘፈኑ ቀጥ አለ» ይልና ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሎሚ ሳትይዝ ተሳፍራ አታውቅም። ያን ዕለትም ግማሽ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። መንገዱ ዳር የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል። ሐሳቧን ላዘናጋ ብዬ ስለ ከሰሉ ወሬ ጀመርኩ፤ አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ፌስታሉን ጠየቀችኝ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አጉረመረመ። ዞሬ አየሁት፤ እስከ ቆሰበር ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

ቆሰበር ወርደን ፊቷን ታጠበች፤ ትንሽ አረፈች። ከዚያ ወደ ጥሊሊ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ዘንገና መገንጠያው ላይ ወረድን። እናቴ ከሐይቁ ይልቅ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መንደር ነበር የምታየው። የአባቴ እህት ዋጋዬ የምትኖረው እዚያ ነው።

አክስቴ ዋጋዬ የአባቴ ታላቅ ናት፤ አዝላ ነው ያሳደገችው። አባቴ ሲሞት ከአባት ከእናቱ ጎን፣ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል ብላ መቃብር አስቆፍራ ጠበቀች። እኛ ዳንግላ ቀበርነው። መጥታ አለቀሰች። የምታለቅሰው በአገውኛ ስለነበር ከተማ ያደገችው እናቴ፣ ያን ሁሉ ዘመን በትዳር ኖራም፣ የገባት ግማሹ ብቻ ነው። ከዚያ ማንንም ሳታናግር ተመለሰች። ለአርባውም ለሙት ዓመቱም አልመጣችም። እኔም አንድ ሰው ቢቀር ቀረ ብዬ ተውኩት።

ሎጁ ከእንጨት የተሠራ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው። ከእኛ በቀር እንግዳ አልነበረም። ትዕግስት ነጭ ጋዋን ለብሳ በር ላይ ተቀበለችን፤ በስልክ እንደሰማኋት ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች የምትመስል ልጅ ናት። የማሳጁ ክፍል አንዱ ግድግዳ መስታወት ነው። ሐይቁ ከታች ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ጣሪያው ሥር ካለች ትንሽ ስፒከር የወፍ ድምፅ ይወጣል።

«ወፉ የት ነው ያለው?» አለች እናቴ።

«የተቀዳ ነው፣ እናቴ። ለመዝናናት ነው» አለቻት ትዕግስት።

እናቴ በመስታወቱ አሻግራ ወደ ደኑ አየች፤ እውነተኞቹ ወፎች ከዛፍ ዛፍ ይበሩ ነበር። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ድሮ ቢሆን ይህን ይዛ ሳምንት ሙሉ ታስቀን ነበር። ተስፋ አደረግኩ።

ትዕግስት እግሯን በሞቀ ውሃ ስታጥባት አልተቃወመችም። እግር መታጠብ የምታውቀው ነገር ነው፤ «እግዜር ይስጥሽ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ» እያለች መረቀቻት። ባቷን ስታሻት ደግሞ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በራሴ ተደስቻለሁ። ምነው ቀደም ብዬ ባመጣኋት እያልኩ ሳለ ትዕግስት መዳፏን በዘይት አራሰች።

«አሁን ነጠላዎን ያውልቁና ራስዎንና አንገትዎን ልሽልዎት።»

እናቴ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ላይ አደረገች። «ራሴን አትንኪኝ፣ ልጄ።»

ትዕግስት እኔን አየችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጦፍኩ። «እማ፣ ዘይት እኮ ነው። ማንም የሚያይሽ የለም።»

«ዘይት መሆኑን አይቻለሁ። ራሷን የተቀባች ሴት ከሏን አወጣች ማለት ነው።»

«ታዲያ ይውጣ እንጂ። እስከ መቼ ነው?»

«አይውጣ መች አልኩ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የምታወጣው ሳትመጣ እንዴት ይወጣል?»

«ማናት የምታወጣው?»

እናቴ ከነወገቧ ወደ መስታወቱ ዞረች። «ዋጋዬ ናታ።»

ከዚያ እናቴ ለሕፃን እንደምታስረዳ ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። የባል ወገን መጥቶ «በቃሽ» ካላላት የሚስት ከል አይወጣም። ጎረቤት ቢያወጣላት፣ ዕድርተኛ ቢያወጣላት፣ ይህች ዘይት የያዘች ልጅ ብታወጣላት፣ ከአባቴ ከዓለምነው ወገን ተቆርጣ ቀረች ማለት ነው። «ሚስቱ አልነበርኩም ብሎ እንደመመስከር ነው» አለችኝ።

ለካ «ገና ነው» ስትል የኖረችው ሰው እየጠበቀች ነው። እኔ ደግሞ ሞትን የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ሄደሽ ትጣያታለሽ።»

እውነቷን ነው። አሁንም ላደርግ የተነሣሁት ያንኑ ነበር። ትዕግስትን «እግሯን ብቻ እያሸሽ ጠብቂኝ» ብያት ወጣሁ። እናቴ ወዴት ነሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኘሁ። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ባጃጁ እየነጠረ ሲወስደኝ የምናገረውን አዘጋጀሁ። የሞተ ወንድማቸውን ሚስት በጥቁር ዘግተው፣ እሳቸው በሰላም ቁጭ ብለው እንደሚኖሩ ልነግራቸው ነው። አክስቴን አንቱ ማለት ግድ ስለሆነ፣ በአንቱታ እንዴት አድርገው እንደሚጣሉ ሳወጣ ሳወርድ ደረስኩ።

ዋጋዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ዘር የሚሆን ድንች ትለያለች። የባጃጁን ድምፅ ሰምታ ቀና አለች። እሷም ጥቁር ለብሳለች። ፀሐይና እጥበት ተፈራርቆበት ቡናማ ወደ መሆን የሄደ ጥቁር ነው። ከነጠላዋ ሥር የሚታየው ፀጉሯ ደርቋል፤ ቅቤ ከነካው የቆየ ፀጉር ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋኝ።

«ምሕረት ነሽ?»

«ነኝ፣ አክስቴ።»

«ማን ሞተ?»

ዝምድናችን እዚህ ደርሷል፤ ያለ ሞት የሚያገናኘን ነገር አልነበረም። «ማንም አልሞተም» አልኳት። «እማ ዘንገና ናት።»

«ዘንገና ምን ልታደርግ?»

«ልትታሽ።» ማሳጅ የሚለውን ቃል እዚያ ደጃፍ ላይ ለመጥራት አፈርኩ።

«ታመመች?»

«አንገቷ አይዞርላትም።»

ዋጋዬ እጇ ላይ ያለውን ድንች እያገላበጠች አየችው። «የኔም አይዞርም» አለች። ከዚያ ድንቹን አስቀመጠችና ፊቷ ጠቆረ። «ወንድሜን ከአባቱ ጎን ነጥቃኝ ሄዳ አንገቷ ቢዞር ነበር የሚገርመኝ። መቃብሩን አስቆፍሬ ቆሜ ስጠብቅ እሷ ቤቷ አጠገብ ቀበረችው። ለምን? አንድ ቀን መጥታ ለምን እንደሆነ ነገረችኝ? እሷ ራሷ መጥታ እስክትነግረኝ የኔን ጥቁር አላወጣም፤ የሷንም አላወጣም።»

እናቴ ይህን ነገር ለማንም እንዳልተነፍስ አደራ ብላኛለች። አደራዋን በላሁ።

«እማ አይደለችም» አልኳት። «ራሱ ነው ዳንግላ ቅበሩኝ ያለው።»

«ዓለምነው? ውሸትሽን ነው።»

«ሆስፒታል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የተናገረው። ‹ዳንግላ ቅበሩኝ። እናትነሽ መኪና አይስማማትም። አገሬ ከቀበራችሁኝ መቃብሬን ልታይ በመጣች ቁጥር ስታስመልስ ልትኖር ነው› አለ።»

ባለ ባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። አላመነችኝም ብዬ ሌላ ነገር ልጨምር ስል እሷ ቀደመችኝ።

«ሠርጋቸው ዕለት» አለች፤ «ያስመለሳት እኮ እኔ ላይ ነው።»

«እርስዎ ላይ?»

«አጠገቧ ተቀምጬ። ለሠርጉ ያሰፋሁት ቀሚስ ላይ። እሱ ታሪኩን ለሰው ሁሉ ሲያወራ የኔን ስም አንሥቶ አያውቅም። እንዳይሳቅብኝ ብሎ ነው።»

ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በአገውኛ የሆነ ነገር አለች፤ ከንግግሯ የለየሁት የአባቴን ስም ብቻ ነው። አጠገቧ ቆሜ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ድንች መልቀም ጀመርኩ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችኝ ስትረጋጋ።

«እማ ከለከለችኝ። ‹በኔ ምክንያት ከአባቶቹ መሬት ቀረ ይሉኛል› ብላ።»

«ዛሬስ በምን መጣች?»

«በሚኒባስ።»

«አስመለሳት?»

«አዲስ ቅዳም ሳንደርስ።»

አክስቴ ድንቹን ትታ ብድግ አለችና ወደ ቤት ገባች። የተቆጣች መስሎኝ ባጃጁ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ስትወጣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ገብታ ቅቤውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

ሎጁ ስንደርስ እናቴ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሁለቱ ጥቁር ለባሾች ተያዩ። ዋጋዬ ገና ከደጃፉ «ወንድሜ፣ ዓለምነው» ብላ ለቅሶዋን ስታነሣ እናቴ ተቀበለቻት፤ ተቃቅፈው፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በአገውኛ፣ ያን ሁሉ ወራት ለየብቻ ያለቀሱትን አንድ ላይ አለቀሱት። ትዕግስት ደንግጣ የወፉን ድምፅ አጠፋች። ነገሩ የሚያልቅ ሲመስላት ወደ በሩ ጠጋ አለች፤ እንደገና ሲጀመር ተመልሳ ግድግዳው ሥር ቆመች።

ሲደክማቸው ዋጋዬ እንባዋን ጠረገች። «እናትነሽ መኪና አይስማማትም አለ አሉ» አለች።

«ማን ነገረዎት?» ብላ እናቴ ከነወገቧ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«መቼም ለእሱ ታደርጊለት የነበረውን አውቃለሁ። እሱም ለአንቺ ያደረገልሽን አሁን አወቅኩ» አለች አክስቴ። እጇን ዘርግታ ጥቁሩን ነጠላ ከእናቴ ራስ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው። «አልቅሰሽለታል፣ እናትነሽ። በቃሽ።»

የእናቴ ፀጉር ሸብቷል። አላወቅኩም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር አብሬያት ስኖር ራሷን አላየሁትም።

ትዕግስት ማንም ሳይጠይቃት የሞቀ ውሃ አመጣች። አክስቴ አጠበቻት። ቅቤውን በመዳፏ እያቀለጠች ከመሐል አናቷ ጀምራ እስከ አንገቷ ቀባቻት። ጣቶቿ አንገቷ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ነው?» ትላታለች፤ እናቴ «ዝቅ ብሎ» ትላለች። ትዕግስትም ጥቂት ቆማ አየችና ትከሻዋን ያዘች። አንዷ በቅቤ አንዷ በባሕር ዛፍ ዘይት ሲያሹዋት የክፍሉ ሽታ ሆስፒታልም ሠርግ ቤትም ሆነ።

ሲጨርሱ እናቴ «ቦርሳዬን አምጪልኝ» አለችኝ። ውስጡ ነጭ ቀሚስ ነበር፤ ከነነጠላው፣ ታጥቦና ተተኩሶ የተጣጠፈ። ከዳንግላ ጀምራ ለእኔ እንኳ አልሰጥም ብላ የተሸከመችው እሱን ነው። ዘንገና ስላት ለምን እሺ እንዳለች ያን ጊዜ ገባኝ። አነጋገሬ ምንም አላደረገም።

እናቴ ነጯን ለብሳ ስታበቃ የአክስቴን ጥቁር አወረደችላት። «እርስዎም ይበቃዎታል፣ እትዬ ዋጋዬ» አለቻትና በተራዋ ራሷን አጥባ ቀባቻት። አክስቴ ግን በችኮላ ስትወጣ ቅቤውን እንጂ ልብሱን አላሰበችም። ያንን ጥቁር መልሳ ልትለብስ ነው ብለን ስንጨነቅ ትዕግስት የሎጁን ነጭ ጋዋን አመጣችላት፤ እንግዶች ከታጠቡ በኋላ የሚለብሱትን፣ እንደ ፎጣ ወፍራም የሆነውን፣ ወገቡ ላይ የሚታሰረውን። አክስቴ መቀነቱን ጥብቅ አድርጋ አሰረችና በመስታወቱ ራሷን አየች።

እናቴም አየቻት። «አሁን ገና ዶክተር መሰሉ» አለች።

ቀልዱ ያን ያህል አያስቅም። ግን የእናቴ ቀልድ ነው።

ሁለቱ ነጭ ለባሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሐይቁን ማየት ጀመሩ። እኔ ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልበትም። ምሳ ላስዘጋጅ፣ አክስቴን የሚመልስ ባጃጅ ልጥራ ብዬ ተነሣሁ። ከበሩ ሳልደርስ አክስቴ ጠራችኝ።

«ምሕረት፣ ያንቺን ማን አወጣልሽ?»

«ምኑን?»

«ከልሽን።»

«ራሴ።»

«ራስሽ?» አለች። ከዚያ እናቴን አየቻት። እናቴ አቀረቀረች።

«እኔ ግድግዳዬን ተደግፌ ነበር» አለች እናቴ። «አላየሁላትም።»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ አክስቴ። ቆየ እኮ። ጥቁሬንም ለሰው ሰጥቼዋለሁ።»

«ነይ ተቀመጪ።»

«ምሳው እኮ...»

«ምሳው ይቆያል።»

ክርክር ቢሆን እችልበት ነበር። ክርክር አልነበረም፤ አክስቴ በእጇ ወለሉን ነበር ያሳየችኝ። ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። የተረፈውን ቅቤ በመዳፏ አቅልጣ መሐል አናቴ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፤ ከዚያ ለብ ብሎ ወደ ጆሮዬ ሥር ወረደ። ጣቶቿ አንገቴን ሲያገኙት ቆም አለች።

«ይኼን ተሸክመሽ ነው የምትሮጪው?» አለችኝ።

አንገቴ እንደሚያመኝ አላውቅም ነበር። በእኔ ቤት የሚያመው የእናቴ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ማዶ ሐይቁ ይታየኛል፤ አባቴ ልጅ ሆኜ ያመጣኝ እዚያ ነው። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ፣ እንዳልወድቅበት ሁለት እግሬን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ «ውሃው ጥልቅ ነው፣ ከዚህ ሆነሽ እይው» ይለኛል። ሆስፒታሉ አልጋ ላይ የተኛውን ሰው አይደለም ያሰብኩት፤ እግሬን የያዘውን ነው። ድንኳኑ ሲተከል ያልመጣው፣ በአርባው ያልመጣው ለቅሶ ድንገት መጣ። አለቀስኩ፤ ትዕግስት ትስማ አትስማ ግድ አልሰጠኝም። አባቴን እኮ አላለቀስኩለትም ነበር።

አክስቴ እጇን ራሴ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችኝ። ከዚያ የሚባለውን፣ «በቃሽ» ልትል አፏን ስትከፍት እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ከነወገቧ ሳይሆን በአንገቷ፣ ጥቂት ብቻ።

«ይተዉአት፣ እትዬ ዋጋዬ» አለች። «ለእሷ ገና ነው።»